መጽሔቶቻችንን ማን ገደላቸው?

ይህ ጽሑፍ ከወትሮው ይረዝማል። አንዳንዶቻችሁን ቅር ሊያሰኝም ይችላል። እኛም ስንጽፈው ቅር ብሎናል፤ ምክንያቱም የክሱ ግማሽ በራሳችን ላይ ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ሰባት ሆነን ሻይ ቤት ተቀምጠን ነበር። ወሬው እንደተለመደው "ሚዲያ የለንም" ወደሚለው ዞረ። አንዱ ወንድማችን "ድሮ እነ ቢላል ነበሩ፣ እነ ሒጅራ ነበሩ፣ የሙስሊሞች ጉዳይ ነበረ። አሁን ምን አለን?" አለ። ሌላው "መንግሥት አጠፋቸዋ!" አለና ነገሩ እዚያው ላይ የሚዘጋ መሰለ። አጠገባችን ቡናቸውን የሚጠጡ አንድ አባት ነበሩ፤ በዚያ ዘመን መስጂድ በር ላይ ኪታብ፣ ካሴትና መጽሔት ዘርግተው ይሸጡ የነበሩ ሰው ናቸው። "ልጆቼ፣ ከናንተ ውስጥ የሙስሊሞች ጉዳይን ገዝቶ የሚያውቅ ማነው?" ብለው ጠየቁን። ሰባታችንም አንብበነዋል። ገዝቶ የሚያውቅ ግን አንድ ሰው ብቻ ተገኘ። ስድስታችን ያነበብነው ከእሱ እየተዋስን ነው። አንዱ እስካሁን አልመለሰለትም።

እዚያ ሳቅን። ቤታችን ስንገባ ግን አላስቀንም።

የመንግሥትን ድርሻ የሚክድ የለም። በጥቅምት 1985 የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ቅድመ ምርመራን ሲያስቀር ሙስሊሙም እንደ ሌላው ዜጋ ብዕሩን አነሳ። በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። የየሙስሊሞች ጉዳይ መጽሔት አዘጋጅ ዩሱፍ ጌታቸው በሐምሌ 2004 ታሰረ፤ በሐምሌ 2007 ሰባት ዓመት ተፈረደበት። ያንን የሚያስረሳ ጽሑፍ ከእኛ አይወጣም። ነገር ግን ፖሊስ በሩን ሳያንኳኳ የሞተ ስንት ጋዜጣና መጽሔት አለ? አሳሪው የሚጠየቀው ላሰረው ነው። ዕዳ ውስጥ ገብተው በራቸውን ራሳቸው የዘጉትን በተመለከተ ግን የሚጠየቀው ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው አንባቢው ነው። እኛ ነን።

እስቲ የመጽሔትን ሒሳብ እንየው፤ ብዙዎቻችን አስበነው አናውቅምና። ማተሚያ ቤት ገንዘቡን የሚፈልገው አስቀድሞ ነው። አከፋፋዩና አዟሪው ግን የሚከፍሉት ከሸጡ በኋላ ነው። ያልተሸጠው ተመላሽ ሆኖ እየታሰረ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ዋጋው የስኳር መጠቅለያ ዋጋ ነው። ስለዚህ አሳታሚው ወጪውን ዛሬ አውጥቶ ገቢውን ከወር በኋላ፣ ያውም ተሸራርፎ ይጠብቃል። የወረቀት ዋጋ በመካከል ከጨመረ የሚቀጥለው እትም ይዘገያል። የዘገየ መጽሔት ደግሞ ልማድ አያስይዝም፤ አንባቢው ይረሳዋል።

በዚህ ላይ የእኛን ባሕል ጨምሩበት። አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ሰው አራት ኪሎ አካባቢ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ተከራይቶ ማንበብን ያውቀዋል። አንዱ ቅጂ በቀን ሃያ ሰው እጅ ገባ እንበል። አከራዩ ከሃያውም ሳንቲም ሰብስቧል፤ አሳታሚው የሸጠው ግን አንድ ቅጂ ነው። የተከራየውን ድሃ ተማሪ አንወቅስም። እሱ ቢያንስ የሆነ ነገር ከፍሏል! ዛሬ ኪራዩም ቀርቷል። አንዱ መጽሐፍ ይገዛና ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ፣ ፒዲኤፍ አድርጎ "ለአላህ ብላችሁ ሼር" የሚል ጽፎበት ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል። ጸሐፊው የማተሚያ ቤቱን ዕዳ ገና አልጨረሰም። እኛም "ጀዛከላህ ኸይር" ብለን እናወርደዋለን። ሱረቱል ሙጠፊፊን ሲቀራ ዓይናችን ወደ ጥራጥሬ ነጋዴው ሚዛን ነው የሚሄደው። የሰው ድካም ሙሉውን ወስዶ ዋጋውን አለመስጠትስ በየትኛው ሚዛን ይለካል?

"አይ፣ እኛ ባንከፍልም ማስታወቂያ ይከፍላል" የሚል አለ። ጥሩ፣ እዚህ ላይ እንቆይ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1893 ፍራንክ መንሲ የሚባል አሜሪካዊ አሳታሚ የመጽሔቱን ዋጋ ከ25 ሳንቲም ወደ 10 ሳንቲም አወረደው። አሥር ሳንቲም መጽሔቱ የሚፈጀውን ወጪ እንኳ አይሸፍንም። ሰው ያበደ መስሎት ነበር። ነገር ግን ሽያጩ ከ40,000 ቅጂ ተነስቶ በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ወደ 500,000 ደረሰ። መንሲ ከአንባቢው በኪሳራ እየሸጠ፣ ያንን ሁሉ ዓይን ሰብስቦ ለነጋዴዎች መልሶ በትርፍ ሸጠው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ርካሽ ወይም ነፃ በሆነ ንባብ ሁሉ ውስጥ የሚሸጠው ዕቃ አንባቢው ነው። ይህን ዛሬ በስልካችሁ ላይ ታዩታላችሁ። የፌስቡክ እናት ኩባንያ ከመቶ ብር ገቢው 97 ወይም 98ቱን የሚያገኘው ከማስታወቂያ ነው። አንድም ቀን "ክፈሉ" ያላለን ለምን ይመስላችኋል?

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ማስታወቂያ አስነጋሪው ማነው? ለረጅም ዘመን የአገራችንን ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ የበዓል ዝግጅቱን፣ ኮንሰርቱን ተሸክሞ የኖረው ቢራ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ ብዙ ፕሮግራሞች ስፖንሰር አጥተው ተንገዳገዱ። ማን ተሸክሟቸው እንደነበር ያን ጊዜ ታወቀ። ከቢራው ቀጥሎ የወለድ ባንክ አለ፣ ሎተሪ አለ፣ አሁን ደግሞ ቤቲንግ አለ። የሙስሊም መጽሔት ከእነዚህ አንዱንም መቀበል አይችልም፤ አልሐምዱሊላህ፣ ባይቀበልም ነው ደግ። ግን አስቡት፤ ሌላው መጽሔት በአራት እግሩ ሲቆም የእኛው በአንድ እግሩ ነው የሚቆመው። ያ አንድ እግር ደግሞ እኛ ነን፤ ተውሰን የምናነበው እኛ!

ታዲያ ሐላል ማስታወቂያ ብቻ ብንቀበልስ? እዚህ ላይ የራሳችንን ገበና እንናገር።

ይህ ገጽ የሚተዳደረው በጥቂት ልጆች ነው፤ ሁላችንም ሌላ ሥራ አለን። የኢንተርኔቱን፣ የምስሉን፣ የአርትዖቱን ወጪ ከኪሳችን ስናወጣ ቆይተን አንድ ነጋዴ መጣልን። ማርና የጥቁር አዝሙድ ዘይት ይሸጣል። ገንዘቡ ለእኛ ትልቅ ነበር። ማርም ጥቁር አዝሙድም በሱንና የተወደሱ ናቸው፣ ምን ችግር አለው ብለን ሦስት ጊዜ ለጠፍን። የላከልንን ጽሑፍ በደንብ እንኳ አላነበብነውም። "ከስኳር በሽታ እስከመጨረሻው ይገላግላል" የሚል ቃል ነበረበት። ከወር በኋላ አንዲት እህት በውስጥ መስመር ጻፈችልን። አባቷ ያንን ዘይት ገዝተው ኢንሱሊናቸውን አቁመዋል። ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገቡ። አልሐምዱሊላህ ተርፈዋል። የእህታችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳን፤ አባቷ ያመኑት ነጋዴውን እንዳልሆነ፣ ያመኑት እኛን እንደሆነ ነገረችን።

ልጥፉን አጠፋን፣ ለአባትየው ይቅርታ ጠየቅን፣ ገንዘቡን ለሕክምናቸው ሰጠን። አማናው ግን በዚህ ተመልሷል አንልም። ጠባችን ከማሩ ጋር አይደለም። ጠባችን ሱንናን ተከልሎ "መርፌህን ጣል" ከሚለው ነጋዴ ጋር ነው፤ ገንዘብ ተቀብለን መድረክ ከሰጠነው ከራሳችንም ጋር ነው። ዛሬ በየቻናሉ ዞር ብላችሁ እዩ። ከላይ የቁርኣን ቲላዋ፣ ከሥር "በሩቅያና በሒጃማ ማንኛውም በሽታ" የሚል ስልክ ቁጥር። ባለቻናሉ ምን ያህል እንደተከፈለው አይናገርም። ማስታወቂያ መሆኑንም አይናገርም፤ ነሲሓ አስመስሎት ነው የሚያልፈው።

ይህን ፈተና ያለፉ ሰዎች ነበሩ፤ ያውም ሙስሊም ያልሆኑ፣ ትርፍ ፈላጊ ሰዎች። ሌዲስ ሆም ጆርናል የሚባለው የአሜሪካ የሴቶች መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1892 የባለ ፈውስ መድኃኒት ማስታወቂያ ከእንግዲህ አንቀበልም አለ። ያኔ የአሜሪካ ጋዜጦች ትልቁ የማስታወቂያ ገቢ ይህ ነበር። አዘጋጁ ኤድዋርድ ቦክ በዚህ አላበቃም። ሊዲያ ፒንክሃም በምትባል ሴት ስም የሚሸጥ ዝነኛ የሴቶች መድኃኒት ነበር፤ ማስታወቂያው "ችግራችሁን ለወይዘሮ ፒንክሃም ጻፉላት" ይል ነበር። ሴትየዋ የሞተችው በ1883 ነው! መጽሔቱ በ1905 የመቃብሯን ድንጋይ ፎቶ አትሞ አወጣው። ያ "መድኃኒት" ደግሞ ከመቶ 18 እጅ ገደማ አልኮል ነበር። በ1906 የአሜሪካ መንግሥት መድኃኒት ሻጮች በውስጡ ያለውን አልኮልና አደንዛዥ ነገር በጠርሙሱ ላይ እንዲጽፉ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ፤ የእነ ቦክ ጩኸት ድርሻ ነበረው። (እውነቱን ለመናገር ቦክ አንድ ጊዜ ሌላውን መድኃኒት በትክክል ሳያጣራ ከሶ፣ ተከስሶ ካሳ ከፍሏል። ሱረቱል ሑጁራት ወሬን አጣሩ የሚለን ለወዳጅም ለጠላትም መሆኑን እዚህ ላይ እናስታውስ።)

ቦክ ያን ገንዘብ እምቢ ማለት የቻለው ለምንድን ነው? ከእኛ የበለጠ ተቅዋ ስለነበረው ነው? አይደለም። መጽሔቱን ገንዘብ ከፍለው የሚያዝዙ ሴቶች ስለነበሩት ነው። በ1903 የደንበኞቹ ቁጥር አንድ ሚሊዮን ደረሰ። አንዱ ነጋዴ ቢኮርፍ ሌላው ወረፋ ይዞ ይጠብቃል። የከፈለ አንባቢ ለአዘጋጁ አከርካሪ ነው።

ሪደርስ ዳይጀስት ሌላው ምሳሌ ነው። ከ1922 ጀምሮ ከሠላሳ ዓመት በላይ በአሜሪካ እትሙ ላይ ማስታወቂያ አልነበረውም፤ የሚኖረው በአንባቢ ብር ብቻ ነበር። ሲጋራና ካንሰር ያላቸውን ዝምድና በታኅሣሥ 1952 ለሰፊው ሕዝብ በድፍረት ያወጣው ያ መጽሔት ነው። ሌሎቹ መጽሔቶች ገጾቻቸው በሲጋራ ማስታወቂያ ተሞልተው ነበር፤ እንዴት ይናገሩ? በኋላ ወጪው ሲከብደው አንባቢዎቹን ጠየቃቸው፤ ዋጋ ይጨመር ወይስ ማስታወቂያ ይግባ? አብዛኞቹ ማስታወቂያው ይግባ አሉ፤ በ1955 ገባ። እንዲያም ሆኖ ሲጋራን አልተቀበለም። በ1957 በሲጋራ ላይ እንደገና ሲጽፍ፣ የትምባሆ ኩባንያ ደንበኛ የነበረው የማስታወቂያ ድርጅት ከመጽሔቱ ጋር የነበረውን ሥራ አቋረጠ። ጫናው ከየት እንደሚመጣ አያችሁ?

ይህን ወደ እኛ እናምጣው። ከ2013 ወዲህ ዘምዘምና ሂጅራን የመሳሰሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች አሉን፤ ደስታችን ነው። የሐጅና ዑምራ አስጓዦች አሉ፣ ሙስሊም ነጋዴዎች አሉ። ማስታወቂያቸው ሐላል ነው፤ ይምጣ። በማንም ላይ ምንም አላልንም። ጥያቄያችን አንድ ነው። ነገ አንዲት እናት ለዑምራ የከፈለችው ገንዘብ ቢጠፋና አስጓዡ የሽፋናችን ጀርባ ላይ የሚያስነግር ቢሆን፣ ጉዳዩን ማን ይጽፈዋል? ከከፈለ ሰው ዝምታን መግዛት አይጠበቅበትም፤ ተቀባዩ ራሱ ቀድሞ ዝም ይላል። እኛ ማሩን ስንለጥፍ ማንም "አታንብቡት" አላለንም። ራሳችን ነን ያላነበብነው።

ሌላው ተቃውሞ "ዲን አይሸጥም፣ ደዕዋ በነፃ ነው" የሚለው ነው። በማስተማር ላይ ደሞዝ ስለመቀበል ዑለማኡ የተወያዩበት ሰፊ ነገር አለ፤ እሱን ለእነሱ እንተወው። እኛ የምናወራው ስለ ወረቀት፣ ስለ ቀለም፣ ስለ ማተሚያ ማሽን፣ ከሚዛን ቴፒ ድረስ ሄዶ ጉዳይ አጣርቶ ስለሚመጣ ልጅ የአውቶቡስ ትኬት ነው። ይህንን የሚያወጣው ሰው ማነው? ረሺድ ሪዳ አል-መናርን ካይሮ ላይ እ.ኤ.አ. በ1898 ሲጀምር (በአንዳንድ አቋሞቹ የማይስማሙ ወንድሞች እንዳሉ እናውቃለን፣ ነጥባችን እሱ አይደለም) መጀመሪያ አትሞ ከላካቸው ቅጂዎች ብዙዎቹ ተመለሱለት። የዑስማኒያው መንግሥት ወደ ሻም እንዳይገባ ከለከለበት። እንዲያም ሆኖ በደንበኞች ክፍያ እየተፍገመገመ እስከሞተበት 1935 ድረስ አቆመው። ያኔም "ዲን በነፃ ነው" የሚል ሰው አልጠፋም ይሆናል። ለመስጂድ ምንጣፍ የሚያዋጣ እጅ ለጽሑፍ ሲሆን የሚታጠፍበት ምክንያት ግን እስካሁን አይገባንም።

ሦስተኛው ኪስ ባለሀብት ነው። አንድ ደግ ሰው ሙሉውን ወጪ ይችልና መጽሔቱ ይወጣል፤ ሰውየው ሲደክም ወይም ሲከፋው መጽሔቱም ይቆማል። እስካለ ድረስም የእሱ ወገን ያልሆነ ዳዒ ስም አይነሳበትም። ይህንን ማብራራት አያሻም፤ ሁላችሁም አንድ ሁለት ምሳሌ በልባችሁ አላችሁ።

አሁን ደግሞ ከገንዘቡ የሚብሰውን እናንሳ። ዓይን የሚሸጥ ሰው ዓይን የሚስብ ነገር መፈለጉ አይቀርም። ገጻችንን ለዓመታት ስናስተዳድር አንድ ነገር ተምረናል። ስለ ዘካ አሰላል በጥንቃቄ ያዘጋጀነው ጽሑፍ ጭር ይላል። "ኡስታዝ እገሌ ለኡስታዝ እገሌ የሰጠው አስደንጋጭ መልስ" ያልን ቀን ስልካችን ሲንጫጫ ያድራል። አስተያየቱ ስድብ ነው፣ ተክፊር ነው፣ ጊባ ነው፤ ግን ቁጥሩ ያድጋል። ቴሌግራም ከ2016 ወዲህ 1,000 ተከታይ ለሞላው ቻናል በውስጡ ከሚታየው ማስታወቂያ ገቢ ግማሹን አካፍላለሁ ብሏል። ታዲያ የሁለት ዳዒዎች ጠብ ለአንድ ሰው ሪዝቅ ሆነ ማለት ነው። ጠቡ ቢበርድ የሚከስር ሰው አለ! ይህን እያወቅን "ለሐቅ ስንል ነው" እንባባላለን።

"አንባቢ የሚፈልገውን ነው የምንሰጠው" ይሉናል። የሚፈልገውና የሚያስፈልገው ተምታቶባቸዋል። የከተማ ሙስሊም ወጣት ምን ያስፈልገዋል? ጅማ ያለ ተመራቂ የሥራ ማስታወቂያ ያስፈልገዋል። ደሴ ያለች እህት ዓረብ አገር ልትሄድ ስትነሳ በዓረብኛ የተጻፈ ውል ፊቷ ይቀርባል፤ ምን ላይ እንደፈረመች የሚነግራት ያስፈልጋታል። ደላላው የጠየቃት ገንዘብ ሕጋዊ ነው ወይ? ፓስፖርቷን አሠሪዋ ቢይዝባት የት ትደውላለች? ቤቲንግ ውስጥ ገብቶ የወንድሙን ገንዘብ የበላ ልጅ ኹጥባ ብቻ አይበቃውም፤ የወጣ ሰው እንዴት እንደወጣ መስማት አለበት። ኒካሕ ለማሰር ሁለት ዓመት ቤት ኪራይ የሚያጠራቅም ወንድም አለ። መስጂዱ ካርታ የሌለው ጀመዓ አለ፤ ካርታው ለምን እንደዘገየ ክፍለ ከተማ ሄዶ የሚጠይቅለት ጋዜጠኛ የለውም። ይህ ሁሉ ለመጻፍ ቀን ይፈጃል፣ ገንዘብ ይፈጃል። ረድ ግን በአሥር ደቂቃ፣ በነፃ ይጻፋል።

ቦክ አዘጋጅ በሆነ ጊዜ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ አንባቢዎቹን ምን እንደሚሹ መጠየቅና ለጥሩ ሐሳብ ሽልማት መስጠት ነበር። እኛም ሽልማት ባይኖረን እንጠይቃለን። ከዛሬ ጀምሮ በአስተያየት መስጫው ላይ "ይህ ቢጣራልኝ" የምትሉትን አንድ ጉዳይ ጻፉ። የሰው ስም ሳትጠሩ።

በእኛ በኩል የወሰንነው ይህ ነው። የሚያድን፣ የሚፈውስ የተባለ ነገር ማስታወቂያ፣ ሱንና ተጠቅሶም ቢሆን፣ አንለጥፍም። የተከፈለበት ልጥፍ ሁሉ ከላዩ ላይ "ማስታወቂያ" የሚል ቃል ይኖረዋል። በየወሩ መጨረሻ የገባውንና የወጣውን ብር እንለጥፋለን፤ ስንት ከአንባቢ፣ ስንት ከማስታወቂያ እንደመጣ ታያላችሁ። በሁለት ዳዒዎች መካከል ያለ ጠብ እዚህ ቦታ አያገኝም።

እናንተስ? የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ለአንድ ማኪያቶ የምታወጡትን በወር አንድ ጊዜ ለምታነቡት ነገር አውጡ። ለእኛ መሆኑ ግዴታ አይደለም፤ ከእኛ የተሻለ የሚሠራ ካያችሁ ለእሱ። የሰው መጽሐፍ በፒዲኤፍ ሲመጣላችሁ ጸሐፊው ፈቅዶ እንደሆነ ጠይቁ፤ ካልፈቀደ አታስተላልፉ። ወቅፍ ለማድረግ የሚያስብ ነጋዴ ካለ ደግሞ፣ ሱቅ ወቅፍ አድርጎ ኪራዩ ለኅትመት ቢውል ማንም ሊያዘው የማይችል መጽሔት ይወጣል። ይህን ለየአካባቢያችሁ ሽማግሌዎች አንሱላቸው።

የሻይ ቤቱን ጉዳይ ሳንነግራችሁ እንዳንቀር። ያ መጽሔቱን ሳይመልስ የቆየው ወንድማችን ባለፈው ጁሙዓ ይዞት መጣ። ሽፋኑ የለውም፣ መሃሉ ላይ ሁለት ገጽ ጎድሏል። ባለቤቱ ተቀበለውና ዋጋው የታተመበትን ጥግ ፈለገ፤ ከሽፋኑ ጋር ሄዷል።